ያውቁ ኖሯል? ከጂዛን አበባ እስከ እናቶቻችን ድድ

የመጀመሪያ ንቅሳትዎን ለመነቀስ አስበው «ትርጉም ይኑረው ወይስ አይኑረው?» እያሉ ሲገላበጡ ያድራሉ? እንግዲያው መርፌው ሳይነካዎት ከእኛ ጋር ቀይ ባሕርን ይሻገሩና የሳዑዲ ዐረቢያዋ ጂዛን ደርሰው ይመለሱ! የሚሰሙት ሁሉ ጉድ ነው!

ጂዛን ውስጥ «ፉል ይፈልጋሉ?» ቢባሉ ዳቦ ለመቁረስ አይቸኩሉ! በዚያ አገር ፉል ሽታው ከሩቅ የሚጣራ ነጭ አበባም ነው! በክር እየተሰካ እንደ ዶቃ ይሸጣል! ሙሽሮች ከአናታቸው እስከ ደረታቸው ይደረድሩታል! የቁርሱ ባቄላም ፉል ነው፤ አበባው ላይ ግን «ል» ጠበቅ ትላለች። ተሳስተው አበባውን በዘይት እንዳያሹት!

በጂዛንና በአሲር ተራሮች አበባ የሚደፉት ወንዶችም ናቸው! ጢማቸው የተንዠረገገ፣ ወገባቸው ላይ ጩቤ የሻጡ ወንዶች! በሶብላውን፣ ጃስሚኑን፣ ቢጫ አበባውን ጎንጉነው እንደ ዘውድ ራሳቸው ላይ ያደርጉታል። «ትርጉሙ ምንድን ነው?» ብለው ቢጠይቁ ገሚሱ «ለውበት!» ገሚሱ «ለራስ ምታት!» ይልዎታል!

አሁን ወደ አገርዎ ይመለሱና ጎጃም ወይም ጎንደር ላይ አንዲት እናት ድዳቸውን ለምን እንደተነቀሱ ይጠይቁ። ገሚሱ «ጥርስ እንዲያምር!» ገሚሱ «ድድ እንዳይታመም!» ነው መልሱ! ውበትና መድኃኒት! በባሕሩ ወዲህና ወዲያ ያለ ሰው ሳይመካከር አንድ መልስ ይመልሳል!

ድድ እንዴት እንደሚነቀስ አይተው ያውቃሉ? ልጅቷ በጀርባዋ ትጋደምና ራሷን ነቃሿ ጭን ላይ ታሳርፋለች። የላይኛው ከንፈር በጣት ወደ ላይ ይገለበጣል። ከዚያ በአንድ ላይ የታሰሩ መርፌዎች፣ በቀድሞው ዘመን እሾህ፣ ጥቀርሻ ውስጥ እየተነከሩ ጥ! ጥ! ጥ! ደም ሲሞላ ይተፋል፤ እንደገና ይጀመራል! ከንፈር ያብጣል፤ በርበሬ የነካው ወጥ ለቀናት አይታሰብም! ማደንዘዣ? የለም! ልጅቷ ግን ከዚያ በኋላ ስትስቅ ጥርሷ ወተት ይመስላል!

የድዱ ጥቁረት ጥርሱን አላነጣውም! ዓይንዎን ነው ያታለለው! ነጭ ነገር በጥቁር ነገር ሲከበብ የበለጠ ነጭ ይመስላል፤ እናቶቻችን ይህን ያወቁት ያለ መምህር ነው!

በሴኔጋልም ሴቶች ድዳቸውን ይነቀሳሉ! ከጎጃም እስከ ዳካር አህጉር ሙሉ መሬት አለ፤ ፈገግታው ግን አንድ ነው!

የውጭ አገር የጥርስ ሐኪሞች ይህን ድድ መጀመሪያ ሲያዩ የሚደነግጡበት ጊዜ አለ! የብረት መመረዝ ይሆን? ካንሰር ይሆን? እያሉ ምርመራ ያዝዛሉ! ታካሚዋ ደግሞ «ኧረ ጌጤ ነው!» ትላለች። ስለዚህ ድድዎ ላይ ንቅሳት ካለ ሐኪሙ አፍዎን ከመክፈቱ በፊት ይንገሩት!

ጥቀርሻ ጥቁር ነው፤ ንቅሳቱ ግን ለምን ሰማያዊ ሆነ? ቆዳ ነው ያታለለን! ቀለሙ ከቆዳ በታች ሲቀመጥ ብርሃን በላዩ ሲያልፍ ይበተናል፤ ወደ ዓይናችን ተመልሶ የሚመጣው ሰማያዊው ነው! ጥቁር ያስገቡት ሰማያዊ ሆኖ ብቅ አለ!

ደግሞ ያ የድስት ጥቀርሻ ከምን የተሠራ ይመስልዎታል? አልማዝ ከተሠራበት ከዚያው ንጥረ ነገር፣ ከካርቦን! የአያትዎ አንገት ላይ ያለው የአልማዝ ዘመድ ነው!

«ነቀሰ» የሚለውን ግስ ደግሞ ያስተውሉት! በየስብሰባው «ችግሮችን ነቅሰን እናውጣ» ይባላል! እሾህም በእሾህ ይነቀሳል! አንዱ ግስ ማስገባትንም ማውጣትንም ያዘ! ታዲያ ከስብሰባው ችግር ይልቅ የቆዳው ንቅሳት ለመውጣት እንደሚያስቸግር ልብ ይበሉ፤ ኧረ ሁለቱም ያስቸግራሉ!

በየመንና በሳዑዲ ሂና የምትስል ባለሙያ ማን ትባላለች? «ነቃሻ»! ሥራዋ «ነቅሽ» ይባላል! ከእኛዋ «ነቃሽ» ጋር ያለው ልዩነት አንዲት ፊደል ናት! የጂዛኗ ነቃሻ ግን መርፌ አትይዝም! ሙሽራይቱ እጅና እግሯን ትዘረጋላታለች፤ ቅጠሉ፣ ሐረጉ፣ አበባው ይወርዳል፤ ሌሊቱን ይደርቃል። በሳምንታት ውስጥ ደግሞ እየደበዘዘ ይጠፋል!

ይህ ሂና ከሳዑዲና ከየመን ድንበር በላይና በታች መመሳሰሉ አይግረምዎት! ጂዛንና ነጅራን ለሳዑዲ የጸኑላት እ.ኤ.አ. በ1934 በተፈረመው የጣኢፍ ስምምነት ነው! በጂዛን ከተሞች፣ በጦዋል፣ በሳምጣ፣ በአቡ ዐሪሽ፣ በሳብያ፣ በዳኢር ያሉ ሰዎች ከየመኖች ጋር አበባውንም ሂናውንም የተጋሩት ከስምምነቱ በፊት ነው!

እኛ ደግሞ ሂና ቢጠፋ አንቸገርም! እንሶስላ አለን! ከመሬት በታች የሚቆፈር ሥር ነው፤ ተወቅጦ እጅና እግር ላይ ሲታሰር ያቀላል! የእጽዋት ሊቃውንት በላቲን ያወጡለት ስም ራሱ «የቀለም ነካሪዎች» የሚል ቃል አለበት! ከአበባው ውበት በላይ ሥሩ አስደነቃቸው!

በአንጻሩ «ጥቁር ሂና» ከሚባለው ይሽሹ! እውነተኛ ሂና ጥቁር አይደለም፤ ቀይ ወይም ቡናማ ነው! በሰዓታት ውስጥ ጥቁር የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ የጸጉር ቀለም ኬሚካል ነው! ቆዳን ያቃጥላል፣ ያቆስላል! ለሁለት ሳምንት የተሳለው አበባ የዕድሜ ልክ ጠባሳ ሆኖ የቀረባቸው ሰዎች አሉ!

ግን የእውነቱ ንቅሳት ለምን አይለቅም? የላይኛው ቆዳዎ እኮ በየወሩ ገደማ ይታደሳል! ምስጢሩ ይኸውልዎ፦ መርፌው ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር ይወርዳል። የሰውነትዎ ዘበኛ ሕዋሳት «ጠላት ገባ!» ብለው ቀለሙን ይውጡታል! መፍጨት ግን ያቅታቸዋል! ሆዳቸው ውስጥ ይዘውት ይቀመጣሉ! አንዱ ዘበኛ ሲሞት ቀለሙን ይተፋል፤ ተተኪው ወዲያው ይውጠዋል! ንቅሳትዎ ማለት ከዘበኛ ወደ ዘበኛ የሚተላለፍ ቀለም ነው! ይህ በአይጦች ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ሰው ግን ሲነቀስ አምስት ሺህ ዓመት አልፎታል!

አምስት ሺህ? አዎ! እ.ኤ.አ. በ1991 በጣሊያንና በኦስትሪያ ድንበር በረዶ ውስጥ የተገኘው «ኦትዚ» የተባለው ሰው ከ5,300 ዓመት በፊት የኖረ ነው። ሰውነቱ ላይ 61 ንቅሳት ተቆጠረ! አበባ የለ፣ አንበሳ የለ! መስመርና መስቀለኛ ጭረት ብቻ! የሚገርመው ብዙዎቹ የሚያመው ቦታ ላይ ናቸው፤ ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚት፣ ወገብ! ሰውየው የተነቀሰው ለመታከም ሳይሆን አይቀርም!

ይህን ሰምተው «የፈረንጅ ጉድ!» እንዳይሉ! በእኛም አገር አንገት የሚነቀሰው ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ እንቅርት እንዳይወጣ ተብሎም ነው! ዓይን ሲታመም ደግሞ ቅንድብ ጫፍ ላይ ብጣት ይበጣል! ኦትዚ ጎንደር ቢወለድ ኖሮ አንድም ሰው ዞር ብሎ አያየውም ነበር!

በለንደኑ የብሪታንያ ቤተ መዘክር አንድ ግብጻዊ ሬሳ ከመቶ ዓመት በላይ ተጋድሞ ሲታይ ኖረ! ክንዱ ላይ ያለውን ጥቁር ነገር ሁሉም እድፍ መስሎት ያልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ልዩ ብርሃን ሲበራበት እድፉ በሬና የዱር በግ ሆኖ ቁጭ አለ! አምስት ሺህ ዓመት የቆየ ንቅሳት!

መልእክት በንቅሳት እንደተላከስ ሰምተዋል? ሂስቲየዎስ የተባለ ግሪካዊ የባሪያውን ራስ ላጨ፤ ምስጢሩን አናቱ ላይ ነቀሰ፤ ጸጉሩ እስኪያድግ ጠበቀና ላከው! ተቀባዩ ላጭቶ አነበበ! ኢሜይል አይደለም፤ ፖስታው ጸጉር እስኪያበቅል ወራት ይፈጃል!

ሮማውያን ጂዛን ፊት ለፊት ሰፍረው ነበር ቢባሉ ያምናሉ? በፋራሳን ደሴቶች የተገኘ የላቲን ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ144 ገደማ የሮም ጦር እዚያ እንደነበረ ይመሰክራል! ቆየት ብሎ ስለ ሮም ሠራዊት የተጻፈ መጽሐፍ ደግሞ ምልምል ወታደር ብቃቱ ሳይፈተን የውትድርናው ንቅሳት እንዳይነቀስ ያዝዛል! አስቀድሞ ፈተና፣ ቀጥሎ መርፌ! እርስዎም ራስዎን ትንሽ ይፈትኑ!

በ4ኛው መቶ ዘመን ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ ወንጀለኞች ፊታቸው ላይ እንዳይነቀሱ ከለከለ! ፊት የፈጣሪ አምሳል ነው አለ። እጅና ባት ግን ይቻላል! እኛ ዘንድ ደግሞ ክርስቲያኑ መስቀሉን የሚነቀሰው በትክክል ግንባሩ መሃል ላይ ነው! አንድ ሃይማኖት፣ ሁለት ፍርድ!

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደግሞ (እ.ኤ.አ. 1434–1468 የነገሡት) ምርጫ አልሰጡም! ሕዝቡ ግንባሩ ላይ የሥላሴን ስም፣ በቀኝና በግራ እጁ ላይ ሰይጣንን መካዱን የሚናገር ቃል እንዲይዝ አዘዙ! ይህን የሚነግረን የራሳቸው ዜና መዋዕል ነው። ቆዳ ላይ ተነቅሶ ነው ወይስ በብራና ተጽፎ ታስሮ የሚለው ሊቃውንትን ያከራክራል። ብቻ ያን ጊዜ «ትርጉም ይኑረው ወይ?» ብሎ የሚገላበጥ ሰው አልነበረም፤ ትርጉሙ ከቤተ መንግሥት ተሞልቶ ይመጣል!

ኢየሩሳሌም ደርሰው የሚመለሱ ተሳላሚዎች በየዘመኑ ምስክር ይዘው መጥተዋል፤ ክንዳቸው ላይ! በአሮጌው ከተማ ያለው የራዙቅ ቤተሰብ ሥራውን ለሰባት መቶ ዓመት ከአባት ወደ ልጅ ሲያወርስ እንደመጣ ይናገራል! መሠረቱ ከግብጽ ቅብጦች ነው። ከእንጨት የተፈለፈሉ ማኅተሞች አሏቸው፤ ማኅተሙ ቆዳው ላይ ይታተምና መርፌው ምልክቱን ይከተላል! ደንበኞቹ ቅብጦች፣ አርመኖች፣ የእኛም ሰዎች!

አንድ ቀን ደግሞ ማን መጣ መሰለዎት? የእንግሊዝ አልጋ ወራሽ! ኋላ ንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ የሆነው ልዑል እ.ኤ.አ. በ1862 ኢየሩሳሌም ላይ መስቀል ተነቀሰ! ልጁ ጆርጅ 5ኛ ደግሞ ጃፓን ሄዶ ዘንዶ ተነቀሰ! አባት መስቀል፣ ልጅ ዘንዶ!

ይህ ግን ከሁሉ ያስገርምዎታል! እስራኤል የገቡ አንዳንድ የቤተ እስራኤል እናቶች ግንባራቸው ላይ የመስቀል ንቅሳት ነበራቸው! በአገር ቤት ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሲኖሩ የተነቀሱት ነው። ጎንደር ላይ ማንም ልብ ያላለው መስቀል እዚያ ዓይን ሁሉ ያፈጠጠበት ሆነ! በሌዘር ያስጠፉ አሉ! ቀለሙ አልተለወጠ፣ ቆዳው አልተለወጠ፤ የተለወጠው አገሩ ነው!

ታዲያ ያቺው መስቀል ጂዛን ስትገባስ? በሳዑዲ አንድም ቤተ ክርስቲያን በአደባባይ የለም! ጎጃም ላይ ጌጥ የነበረችው ምልክት ድንበሩን ስታልፍ ትናገራለች፤ ባለቤቷ አፏን ሳትከፍት! ሻሽ ዝቅ ማለቱ፣ እጅጌ ወደ እጅ መዳፍ መሳቡ ያኔ ነው!

በእስልምናም ነቃሿንና ተነቃሿን የሚያወግዝ ሐዲስ አለ፤ ቡኻሪም ሙስሊምም ዘግበውታል! ስለዚህ በሳዑዲ የንቅሳት ሱቅ በአደባባይ ታፔላ ሰቅሎ አያገኙም! ያም ሆኖ የድሮ የዐረብ ባላገር ሴቶች አገጫቸውን ይነቀሱ ነበር! በአንዳንድ አካባቢ ጥቀርሻው የሚለወሰው በምን እንደሆነ ይገምቱ። ሴት ልጅ በወለደች እናት ጡት ወተት!

ክርስቲያኑም ቢሆን አይኩራራ! ዘሌዋውያን 19፥28 ንቅሳትን ይከለክላል! ኢሳይያስ 44፥5 ላይ ደግሞ እጁ ላይ የፈጣሪን ስም የሚጽፍ ሰው አለ! ሁለቱም በአንድ መጽሐፍ ቅዱስ! ክርክሩን ለሊቃውንቱ እንተወው፤ ቡና ላይ ከጀመሩት አያልቅም!

በዐረብኛ ንቅሳት «ወሽም» ይባላል። ግመል ላይ በጋለ ብረት የሚተኮሰው የጎሣ ምልክት ደግሞ «ወስም»! ሸ እና ሰ ናቸው የለያዩዋቸው! ግመሉ በአንገቱ ወይም በጭኑ የባለቤቱን ጎሣ ይዞ በረሃውን ይዞራል፤ ቢጠፋ ባነበበው ሰው ይመለሳል! ለግመል መታወቂያ፣ ለሰው ክልክል!

ከጂዛን አጠገብ፣ እዚያው የየመን ድንበር ላይ፣ ነጅራን ውስጥ ሒማ የሚባል ቦታ አለ። ተራራው ሙሉ ተነቅሷል! አደን፣ ግመል፣ ሰው፣ ጽሑፍ! ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ቅርስ አደረገው። ከጽሑፎቹ አንዱ ሙስነድ ነው፤ የእኛ የግዕዝ ፊደል ከዚያ ቤተሰብ የወጣ ነው! አገልጋይ ሆና ነጅራን የሄደች እህታችን የ«ሀ፣ ለ፣ ሐ»ዋ ዘመዶች እዚያ ድንጋይ ላይ ቆመው ይጠብቋታል!

ከዚያ ወደ ሰሜን ደግሞ ሙረይጋን በሚባል ቦታ የየመኑ ገዢ የሐበሻው አብርሃ ዘመቻውን እ.ኤ.አ. በ552 አለት ላይ አስጽፏል! አንድ ሺህ አራት መቶ ሰባ ዓመት አለፈው፤ እስካሁን ይነበባል! ሌዘር የማይነካው ንቅሳት ይሉታል ይህን!

አንዱን ነገር ግን ቀስ ብለን እንንገርዎት። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ ወደ 138,000 ስደተኞች በጀልባ የመን ገብተዋል፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ አሳባቸውም ወደ ሳዑዲ መሻገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 እና በ2023 በየመንና በሳዑዲ ድንበር በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጥይትና በከባድ መሣሪያ መገደላቸው ተዘግቧል፤ ሳዑዲ ክሱን አልተቀበለችም። ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ሲሞት የምርመራ ሐኪሞች ከጣት አሻራ፣ ከጥርስና ከዘረ መል ቀጥሎ ከሚያዩዋቸው ምልክቶች አንዱ ንቅሳት ነው። ክንድ ላይ የተነቀሰ የእናት ስም ያን ጊዜ ጌጥ አይደለም።

በሕጋዊ መንገድ ለሚሄዱት ደግሞ ሌላ ነገር አለ! ለባሕረ ሰላጤው አገሮች የሥራ ቪዛ የሚደረገው የጤና ምርመራ ኤችአይቪን፣ የጉበት ቫይረስ ቢን እና ሲን ይፈልጋል! ሦስቱም ባልተቀቀለ፣ ሌላ ሰው በተነቀሰበት መርፌ ሊተላለፉ ይችላሉ! አንዲት ቆሻሻ መርፌ ቪዛዎን ልትበላው ትችላለች! «መርፌው አዲስ ነው?» ማለት ነውር አይደለም፤ ሲታሸግም ሲከፈትም በዓይንዎ ይዩ!

ሪያድ ላይ የሚጫወተው ክርስቲያኖ ሮናልዶ ንቅሳት እንደሌለው ያውቃሉ? ደም ስለምለግስ ነው ብሏል! በዚያችው ከተማ ለአል ሂላል የተጫወተው ኔይማር ደግሞ ከአንገቱ እስከ እግሩ ተነቅሷል! ሁለቱንም ስታዲየሙ አጨበጨበላቸው! ለአገልጋይ የሚያፈጥ ዓይን ለኳስ ተጫዋች ይጨፈናል!

አሁን ወደ ትልቁ ጥያቄ! ትርጉም ያስፈልጋል? በአሜሪካ ከመቶ አዋቂ 32ቱ ቢያንስ አንድ ንቅሳት አላቸው! ከተነቀሱት አብዛኞቹ ሰውን ወይም ነገርን ለማስታወስ ነው ይላሉ። ከአራቱ አንዱ ገደማ ግን ቢያንስ በአንዱ ንቅሳቱ ይጸጸታል! ትርጉም ከጸጸት አላዳነም!

ቶማስ ኤዲሰን በግራ ክንዱ ላይ አምስት ነጥቦች ተነቅሶ ነበር! እንደ ዳይ አምስት ቁጥር! ለምን? ምስጢሩን ይዞት ሄደ! ይባስ ብሎ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ንቅሳት ማሽን የተወለደው ከእሱ የኤሌክትሪክ ብዕር ነው! ሳሙኤል ኦሬይሊ የተባለ የኒው ዮርክ ነቃሽ አሻሽሎ እ.ኤ.አ. በ1891 የፈጠራ መብት አወጣበት! ኤዲሰን ለቢሮ የሠራው ብዕር ቆዳ ላይ መጻፊያ ሆነ!

በዚያችው ኒው ዮርክ ንቅሳት እ.ኤ.አ. ከ1961 እስከ 1997 ክልክል ነበር! ጃፓን እ.ኤ.አ. ከ1872 እስከ 1948 ከለከለች! ደቡብ ኮሪያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ የሚነቅሰው ሐኪም ብቻ ነው አለች፤ ይህን የሚለውጠው ሕግ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው! የእኛዋ ነቃሽ ሴኡል ብትሄድ ኖሮ እስር ቤት ነበረች!

ፊሊፒንስ ውስጥ ግን ዋንግ ኦድ የተባሉ እናት አሉ! በእሾህና በጥቀርሻ ይነቅሳሉ፤ ልክ እንደ እኛዎቹ! በ106 ዓመታቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2023፣ የፋሽን መጽሔት ሽፋን ላይ ወጡ! የእኛ ነቃሾች ሽፋን ላይ አለመውጣታቸው የፎቶ አንሺዎች ጥፋት ነው እንላለን!

የኒውዚላንድ ማኦሪ አለቆች እ.ኤ.አ. በ1840 ከእንግሊዝ ጋር ሲዋዋሉ አንዳንዶቹ በፊርማ ፈንታ የፊታቸውን ንቅሳት ወረቀቱ ላይ ሣሉ! ፊትዎ ፊርማዎ ቢሆን ያስቡት!

ጋምቤላ ውስጥ የኑዌር ወንዶች ግንባር ላይ ስድስት መስመሮች አይተዋል? ቀለም የለበትም! በስለት የተሰመረ ነው! ልጁ ሲሰመር ዓይኑን አይጨፍንም፣ አያቃስትም፤ ሲነሳ ጎልማሳ ነው!

ፊደል ለመነቀስ ካሰቡ ቆም ይበሉ! ሰላም በ«ሰ» ነው በ«ሠ»? ዓለም በ«ዓ» ነው በ«አ»? ፀሐይስ በ«ጸ» ነው በ«ፀ»? ፌስቡክ ላይ ቢሳሳቱ ያርሙታል፤ ትከሻዎ ላይ ግን ማረሚያ ቁልፍ የለም! አንድ የአማርኛ መምህር አስቀድመው ያሳዩት! ከነቃሹ ይልቅ እሳቸው ርካሽ ናቸው!

ቦታውም ወሳኝ ነው! ጣትና መዳፍ ላይ ያለ ንቅሳት ቶሎ ይደበዝዛል! ፀሐይም ያደበዝዛል! የጂዛን የዓመት አማካይ ሙቀት ደግሞ 30 ዲግሪ አካባቢ ነው! አዲስ ቁስል ይዘው አያልቡ፣ ጨው ባሕር ውስጥም አይግቡ!

የእኛ ዓይነት ጠቆር ያለ ቆዳ ሲቆስል እንደ ጉብታ የማበጥ ዝንባሌው ከፍ ይላል! ጆሮዎን ሲበሱ ያበጠ ጠባሳ ከቀረብዎ ንቅሳቱም ሊያብጥ ይችላል! የተነቀሱት ቢራቢሮ አባ ጨጓሬ እንዳይሆን!

ሌዘር ቀለሙን አያጥበውም፤ ይሰባብረዋል! በሰከንድ ቢሊዮንኛ በሚቆጠር ብልጭታ! ፍርፋሪውን ጠራርጎ የሚወስደው ያው የራስዎ ዘበኛ ሕዋስ ነው! ጥቁር ቀላል ነው፤ አረንጓዴና ቢጫ ያስቸግራሉ! ክፍለ ጊዜው ደግሞ አንድ አይደለም፣ ብዙ ነው! ሰንደቅ ዓላማ የሚነቀሱ ሰዎች ሆይ፣ ከሦስቱ ቀለማት ሁለቱ እምቢተኞች ናቸው!

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ ሰማያዊና አንድ አረንጓዴ ቀለም ለንቅሳት እንዳይውል ከለከለ! የኩራዝ ጥቀርሻስ? አያቶቻችን የቀለሙን ዝርዝር አልጠየቁም!

እንግዲህ የዚህ አምድ ፍርድ ይኸውና! ትርጉም የግድ አይደለም! የጂዛኑ ሰው አበባውን ስላማረው ደፋ፤ የጎጃሟ እናት ስለሚያምርባት ተነቀሰች፤ ኤዲሰን ነጥቦቹን ሳያብራራ ሞተ! ቦታውና መርፌው ግን የግድ ነው! ነገ የት አገር ሠርተው እንደሚያድሩ አያውቁምና፣ ግንባርና እጅን ትተው እጅጌ የሚሸፍነውን ይምረጡ!

አሁንም ልብዎ ካመነታ እንሶስላ ይግዙ! ያሰቡትን ምልክት ያሰቡበት ቦታ ላይ በእንሶስላ ይሣሉት። ገበያ ይውጡበት፣ ለቅሶ ይድረሱበት፣ አማትዎ ዘንድ ይሂዱበት! ለቆ ሲጠፋ ከከፋዎት ወደ መርፌው ይሂዱ፤ «እሰይ!» ካሉ ደግሞ እጅዎን ይታጠቡና ቡናዎን ይጠጡ!